ሎህ፣ ገበታና ታብሌት፤ የሕፃናት ትምህርትና መሣሪያዎቹ በአዋሽ ሸለቆ ጎዳና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ፣ በወለንጪቲና በመተሐራ አቋርጦ አዋሽ ሰባት ኪሎ የሚደርሰው ጎዳና፣ ከዚያ ወዲያ ፊቱን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያቀናና በገዋኔ፣ በሚሌና በሰመራ በኩል የአፋርን ቆላ ሰንጥቆ ዲቾቶ ይገባል። ከዲቾቶ ወዲያ ጋላፊ፣ ከጋላፊ ወዲያ ጅቡቲ ነው። ቀድሞ በዚህ ምድር የሚያልፈው ከባድ ተሽከርካሪ አብዛኛው መድረሻው አሰብ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ ከሞላ ጎደል ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዲቾቶም ተሳቢና ቦቴ ተሰልፎ የሚያርፍባት፣ ሾፌርና ረዳት ሻይ የሚጠጡባት፣ ጎማ የሚፈተሽባት የመንገድ ዳር ከተማ ሆና ኖረች።

በእንዲህ ያለ ከተማ የሚያድግ ሕፃን ፊደልን መጀመሪያ የሚያየው ከመምህር እጅ ሳይሆን ከመኪና ጎን ላይ ነው። በሰሌዳው ላይ አኃዝ አለ፤ በጭቃ መከላከያው ላይ ሾፌሩ ያስጻፈው ጥቅስ አለ፤ በቦቴው ወገብ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለ። አማርኛችን ለመኪናው ቁጥርም ለመምህሩ መጻፊያም «ሰሌዳ» የሚል አንድ ስም መስጠቱ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም፣ ለዲቾቶ ልጅ ግን ነገሩ እውነት ነው። ችግሩ ይህ ሰሌዳ የማይቆም መሆኑ ላይ ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ ፊደሉም አብሮ ይሄዳል። ሕፃኑ ያየውን የሚጠይቀው፣ የጠየቀውንም የሚመልስለት ሰው ከሌለ፣ ያ ሁሉ ጽሑፍ ከአቧራው ጋር ያልፋል።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። መሣሪያ ብቻውን ሕፃንን ሊያስተምር ይችላልን? ጥያቄው የፈላስፋ ጨዋታ አይደለም። በዚሁ ጎዳና ላይ፣ በዚሁ ትውልድ ዘመን፣ በገሃድ ተሞክሯል።

እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው ድርጅት ሁለት የኢትዮጵያ መንደሮችን መረጠ። አንደኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በወንጪ የእሳተ ገሞራ አፋፍ የሚገኝ ሲሆን፣ ሁለተኛው በስምጥ ሸለቆው ውስጥ በወለንጪቲ ስም የተጠራ ነው። በየመንደሩ ለሃያ ያህል፣ አንደኛ ክፍል በሚገቡበት ዕድሜ ላሉ ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም የተባለ ታብሌት ከፀሐይ ኃይል መሙያ ጋር ቀረበ። መምህር አልነበረም፤ መመሪያም አልነበረም። ሣጥኖቹ እንደታሸጉ ተቀመጡ። ውስጣቸው በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ የፊደል ጨዋታዎች፣ መጻሕፍት፣ ዘፈኖችና ሥዕሎች ነበሩበት። የእያንዳንዱን ልጅ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ የማኅደር ካርድ ስለ ነበረ፣ አንድ ሰው በየጊዜው እየመጣ ካርዱን ይለውጥ ነበር።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በማሳቹሴትስ ለተሰበሰቡ ሰዎች ሁኔታውን ሲያብራራ የሰጠው ቁጥር በዓለም ዙሪያ ተናኘ። በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ሣጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስት ቀን ውስጥ ሕፃናቱ እያንዳንዳቸው በቀን በአማካይ 47 መተግበሪያዎችን ይከፍቱ ነበር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደልን በዜማ ይዘምሩ ጀመር። በአምስት ወር ደግሞ የተቆለፈውን የአንድሮይድ ሥርዓት ሰብረው፣ በስሕተት ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ አሠሩት። ከልጆቹም አንዱ የሥዕል መሣሪያውን ከፍቶ «ላየን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ አንበሳ ማለት ነው፣ በላቲን ፊደላት ጻፈ።

ይህን ሰምቶ የማይደነቅ አይገኝም። ጸሐፊውም ተደንቋል። ይሁን እንጂ ከአድናቆቱ በኋላ ጥቂት ነገሮችን መለየት ይገባል። ኔግሮፖንቴ እነዚያ ሕፃናት የታተመ ጽሑፍ፣ የመንገድ ምልክት፣ ጽሑፍ ያለበት ማሸጊያ እንኳ አይተው አያውቁም ነበር ብሎ ተናግሯል። ስለ ወንጪ ተራራ ጫፍ ይህ ምናልባት ሊባል ይችል ይሆናል። ወለንጪቲን የሚያውቅ ሰው ግን ቆም ማለቱ አይቀርም። የወለንጪቲ ከተማ ያለችው የአገሪቱ ጭነት ሁሉ በሚያልፍበት ጎዳና ላይ ነው፤ የጅቡቲው ምድር ባቡርም በዚያው በኩል ያልፋል። መንደሩ ከከተማው ገባ ያለ ቢሆን እንኳ፣ የስኳር ከረጢት፣ የሳሙና መጠቅለያና የክብሪት ቀፎ የማይገባበት መንደር በዚያ አካባቢ ማግኘት ያዳግታል። ለምን እንዲህ ተባለ? ባዶነቱ በገነነ ቁጥር መሣሪያው ይበልጥ ተአምረኛ ስለሚመስል ይመስለኛል። ሕፃኑን ለማመስገን ሲባል አካባቢውን ባዶ ማድረግ በትምህርት ታሪካችን ውስጥ የተለመደ በደል ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። የተነገረው ሁሉ ሙከራውን ያካሄዱት ሰዎች የሰጡት ቃል ነበር። ልጆቹ ፊደልን መለየታቸውና መዘመራቸው አንድ ነገር ነው፤ ዓረፍተ ነገር አንብቦ መረዳት ሌላ ነው። በሙከራው ከተሳተፉት ምሁራን መካከል የታፍትስ ዩኒቨርሲቲዋ ሜሪያን ዎልፍ የሰው አንጎል ለማንበብ ተዘጋጅቶ እንዳልተወለደ፣ ማንበብ ለእያንዳንዱ ሕፃን ከመጀመሪያው የሚሠራ ሥራ መሆኑን በመጽሐፏ ያስረዳች ናት። ይህ ከባድ ሥራ በአምስት ወር ዘፈን አያልቅም።

ይኸው ድርጅት ከዚህ ቀደም ብሎ አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያለውን ትንሽ ላፕቶፕ በሺዎች ለሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ተማሪዎች አድሎ ነበር። የኔዘርላንድ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህን ልጆች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጽሑፍ፣ ላፕቶፕ የተሰጣቸው ልጆች ነገርን ከነገር በማመሳሰልና በመመደብ ካልተሰጣቸው በልጠው መገኘታቸውን ገልጸዋል። በዚያው ዓመት በፔሩ ገጠር 319 ትምህርት ቤቶችን የመረመረው ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል፤ ልጆቹ በጠቅላላ የማሰብ ችሎታ መጠነኛ መሻሻል ሲያሳዩ፣ በሒሳብና በቋንቋ ትምህርት ግን የተገኘ ለውጥ አልነበረም። ማለት፣ መሣሪያው የሕፃኑን አእምሮ ያነቃቃል፤ ትምህርቱን ግን ራሱ አያስተምርም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከወለንጪቲ ወደ ታች ወርደን ወደ መካከለኛውና ወደ ታችኛው አዋሽ መሄድ ያስፈልገናል። በዓለም ላይ ስለ መሣሪያና ስለ ሕፃን በአንድነት ለመናገር ከዚህ የተሻለ ስፍራ የለም።

ከሐዳር አጠገብ ባለው በጎና፣ ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ ዓመታት ቆፍረው ያወጧቸውና እ.ኤ.አ. በ1997 ለዓለም ያስታወቋቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜያቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ድንጋይን በድንጋይ መትቶ ስለት ማውጣት ለሚያይ ሰው ቀላል ይመስላል። የሞከረው ግን ያውቀዋል፤ ማዕዘኑን፣ የምቱን ኃይልና የሚመታውን ነጥብ ካላወቁ የሚገኘው ፍርስራሽ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በብሪታንያ ተመራማሪዎች 184 ሰዎችን ይህንኑ ጥበብ በልዩ ልዩ መንገድ አስተማሩ። ለአንዳንዶቹ የተሠራው ስለት ብቻ ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ ሲሠራ እንዲያዩ ተደረገ፤ ሌሎቹን እጃቸውን ይዞ በምልክት የሚያሳያቸው ሰው ቀረበላቸው፤ የቀሩትን ደግሞ በንግግር የሚያስረዳቸው አገኙ። ስለቱን ብቻ ያገኙት እምብዛም አልተሳካላቸውም። መምህርና ቋንቋ ሲጨመሩ ግን ሥራው ግልጽ በሆነ መጠን ተሻሻለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቴክኖሎጂ እንኳ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው፣ አንዱ ሌላውን «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው» ባለበት መንገድ ሳይሆን አይቀርም።

ከጎና ብዙም በማይርቀው በዲኪካ ደግሞ ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የአንዲት ሕፃን ቅሪተ አካል አገኘ። ሰላም ተብላ የተሰየመችው ይህች ሕፃን ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች ስትሆን፣ አጥንቷን ከያዘው አሸዋማ ድንጋይ ለማላቀቅ ዓመታት የፈጀ ሥራ አስፈልጓል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጥናት የጥርሶቿን የዕድገት መስመር ቆጥሮ ስትሞት 861 ቀን እንደ ሞላት አመለከተ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ግድም መሆኑ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ስለ አንጎሏ የተገኘው ነው። የዝርያዋ አንጎል ከዝንጀሮ ወገን አንጎል ብዙም ያልበለጠ ቢሆንም፣ ዕድገቱ ግን ዝግ ያለ ነበር፤ በሌላ አነጋገር፣ ልጅነቱ ረጅም ነበር። ረጅም ልጅነት ማለት ደግሞ ረጅም ጊዜ በሌላ ሰው ላይ መደገፍ፣ ረጅም ጊዜም ከሌላ ሰው መማር ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማንበብ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም መሄድ አያሻም፤ ወደ ሙዚየሙ የሄደ ግን ከሉሲ ይልቅ በዚህች ሕፃን ፊት ጥቂት ቢቆይ አይጸጸትም።

ከዚህ ሩቅ ዘመን ወደ እኛው ዘመን ስንዘልል በአፋር ሕፃን እጅ የምናገኘው የመጀመሪያው የማንበቢያ መሣሪያ ሎህ ነው። ሎህ እጀታ ያለው የእንጨት ሰሌዳ ነው። ሼኹ በጥላሸትና በሙጫ በተዘጋጀ ቀለም የቁርኣኑን አንቀጽ ይጽፍበታል፤ ልጁ ያነበንባል፤ ካጠናው በኋላ ቀለሙ ይታጠብና ሌላ ይጻፋል። ዋናው ነጥብ ከመታጠቡ ላይ ነው። አንቀጹን በቃሉ ያልወጣ ልጅ ሎሁን አያጥብም። መሣሪያው ራሱ ከልጁ የሚጠበቅበትን ይዞ የሚጠብቅ ነው ማለት ነው። በደጋው በኩልም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። በአራት በአምስት ዓመቱ ወደ የኔታ ዘንድ የሚሄደው ልጅ በስንደዶ እየጠቆመ ሀሁ ይቆጥራል፤ አቡጊዳን ይለያል፤ መልእክተ ዮሐንስን ያልፍና ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመ ልጅ ለቤተ ሰቡ ድግስ ነበር። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ፊደል ገበታን አሳትመው ባሰራጩ ጊዜ፣ ይህን ትምህርት ከብራና ወደ ርካሽ ወረቀት አውርደው በየገበያውና በየቤቱ አስገቡት። በአገራችን ለሕፃናት የተሠራ የትምህርት ቴክኖሎጂ ከተባለ፣ ከዚህች አንድ ገጽ ወረቀት የበለጠ ርቀት የተጓዘ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ቡልጋም ከሰም ወንዝ ወደ አዋሽ የሚወርድበት አገር መሆኑን ስናስብ፣ ገበታውና ሎሁ ጎረቤታሞች ነበሩ ማለት ነው።

የሁለቱም ጉድለት ይታወቃል። ዱላው ብዙ ነበር፤ ማስተዋሉ ከማነብነቡ ኋላ ይቀር ነበር፤ ሴት ልጅ በአብዛኛው ከበሩ ውጭ ነበረች። ያም ሆኖ አንድ ነገር አልጎደላቸውም። የአምስት ዓመት ልጅ ከባድ ነገር ሊይዝ ይችላል ብለው ያምኑ ነበር።

ከፊደል ውጭ ስላለው የአፋር ትምህርትም መናገር ይገባል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። የት እንደዘነበ፣ ሣሩ የት እንደ በቀለ፣ የትኛው ጉድጓድ እንደ ደረቀ፣ በከብቱ ላይ ምን በሽታ እንደ ወረደ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ በየተራ ይነጋገራሉ። ያዩትን ካዩት፣ የሰሙትንም ከሰሙት ይለያሉ። በዳጉ መዋሸት ነውር ነው፤ የሰው ሕይወትና የመንጋው ደኅንነት በዚያ ወሬ ላይ የተመሠረተ ነውና። ሕፃኑ ይህን ሁሉ ከአባቱ አጠገብ ሆኖ ይሰማል። በመጀመሪያ ከአሪው ደጃፍ ግልገል ይጠብቃል፤ ከፍ ሲል ከፍየሉ ጋር ይርቃል፤ ጎበዝ ሲሆን ግመል ይከተላል። መንጋው ጎድሎ እንደሆነ በቁጥር ሳይሆን፣ እያንዳንዷን በመልኳና በእናቷ ለይቶ ያውቃል። ምስክርነትን ከወሬ የሚለይ፣ ሰማይን አንብቦ መንገድ የሚመርጥ የሰባት ዓመት ልጅ «ምንም አያውቅም» ተብሎ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ሲጻፍ፣ ያላወቀው መዝገቡ ነው።

ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት በደል ይህ ነው። ለረጅም ዘመን የቆላው ሰው «ዘላን» በሚል አንድ ቃል ይጠራ ነበር፤ «ዘላን ትምህርት አይወድም» የሚለውም ከቃሉ ጋር አብሮ ይሄዳል። ቃሉ ስም ብቻ አልነበረም፤ ፍርድም ነበር። መምህር ወደ አፋር ሲመደብ እንደ ቅጣት ይቆጥረው የነበረውም ከዚሁ ፍርድ የተነሣ ነው። ከሕፃኑ የሚጠበቀው ዝቅ ካለ፣ ለሕፃኑ የሚሰጠውም ዝቅ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን ይህንን በመጽሐፍ አቅርበውት ነበር። በካሊፎርኒያ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከተማሪዎቹ አንድ አምስተኛው ያህል በዚያ ዓመት በአእምሮ ፈጥነው እንደሚያድጉ ለመምህራኑ ተነገራቸው። ስሞቹ ግን በዕጣ የወጡ ነበሩ። ዓመቱ ሲያልቅ ስማቸው የተጠራው ልጆች፣ በተለይ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍሎቹ፣ ከጓደኞቻቸው ልቀው ተገኙ ተባለ። ኋላ የመጡ ሊቃውንት አለካኩን ነቅፈዋል፤ ውጤቱም በመጽሐፉ እንደ ተነገረው ትልቅ አይደለም ያሉ አሉ። ሆኖም የመምህሩ ግምት ወደ ልጁ የሚሻገር መሆኑን፣ የሚሻገረውም ከሁሉ ይበልጥ በትንንሾቹ ላይ መሆኑን ክፍል ውስጥ ያደረ መምህር ሁሉ ያውቀዋል።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከብዙ ጉድለቱ ጋር ይህን ዝቅ ያለ ግምት በአንድ በኩል ሰብሮታል። ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አፋርኛ አንዱ ነበር። መንግሥታዊ ትምህርት በአፋር ልጅ ቋንቋ ሊሰጥ ይችላል ተብሎ በአዋጅ ደረጃ መታሰቡ ቀላል ነገር አልነበረም። ፊደሉ ግን የግዕዝ ነበር። በሌላ በኩል በዚያው ዘመን ግድም ዲሚስና ሬዶ በሚሉት ስሞች የሚታወቁት ሁለት የአፋር ምሁራን ለቋንቋቸው የላቲን ፊደል አዘጋጅተው ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ክልሉ የያዘው ይህንን ነው። የአፋር አርብቶ አደር ልማት ማኅበር ደግሞ በኋላ ከራሱ ከአርብቶ አደሩ መካከል መምህራንን እያሠለጠነ፣ ሕዝቡ ሲሰደድ አብረው እንዲሰደዱ አድርጓል። ጥቁር ሰሌዳው በግመል ላይ ተጭኖ ይሄዳል ማለት ነው።

ስለዚህ የዲቾቶ ሕፃን ዛሬ በሦስት ፊደላት መካከል ቆሟል። በሎሁ ላይ የዓረብ ፊደል አለ። በክፍሉ ውስጥ አፋርኛው በላቲን ፊደል ይጻፋል። በጎዳናው ላይ የሚያልፈው መኪናና የሱቁ ማስታወቂያ ግዕዝ ይጽፋል። ይህን እንደ ሸክም ብቻ የሚያዩት አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሕፃን ሦስት ፊደል ይይዛል፤ የማይዘው፣ ሦስቱን የሚያስተምረው ሰው አንዱን ከሌላው ሳይለይለት፣ የአፉን ቋንቋ ዘሎ በማያውቀው ቋንቋ ሲጀምርለት ነው።

መሣሪያ ከመምህር በላይ ሲሾም ምን እንደሚሆን ታላላቆቹ ተማሪዎች በ1997 ዓ.ም. አይተውታል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት በእንግሊዝኛ የተሰራጨውን ትምህርት ተማሪው «ፕላዝማ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙ ከትምህርቱ ወደ መስተዋቱ መዞሩ ራሱ አስተያየት ነው። መስተዋቱ ይናገራል፤ ጊዜውን ጠብቆ ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፋል፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። መምህሩም በገዛ ክፍሉ ውስጥ እንግዳ ሆነ። በአፋር ሙቀት፣ መብራት በሚቋረጥበት ክፍል፣ ለሦስተኛ ቋንቋ ገና ጆሮው ላልተከፈተ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ መዘርዘር አያሻም።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነ ሥራ በጥቂት ሰዎች እጅ በአዲስ አበባ ተጀመረ። ብሩክታዊት ጥጋቡ የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር በቤታቸው ሳሎን ውስጥ፣ ከካልሲ በተሠሩ አሻንጉሊቶች «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የሕፃናት ዝግጅት ፈጠሩ። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። በ1999 ዓ.ም. መባቻ ላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየች። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን የትምህርት ዝግጅቶች ውድድርና በጀርመኑ ፕሪ ዠነስ ተሸለመች፤ ብሩክታዊትም እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆነች። ሽልማቱ የሚያስደስት ቢሆንም ለኪነት ሰዎች የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው። ፀሐይ አማርኛ ትናገራለች፤ ትጠይቃለች፤ ትሳሳታለች፤ መልሱን ለማግኘት ትለፋለች። አሻንጉሊቷን የሠራችው መምህርት ከፊቷ የተቀመጡትን ልጆች ስለምታውቅ፣ ካልሲው ከታብሌት ይልቅ ብዙ ያውቅ ነበር። ዕውቀቱ ከዕቃው ውድነት ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

የቋንቋው ነገር ምን ያህል እንደሚመዝን በታንዛንያ ታይቷል። እ.ኤ.አ. እስከ 2019 በዘለቀው ዓለም አቀፍ ውድድር፣ በታንጋ አውራጃ በ170 መንደሮች ለሚገኙ ወደ 3000 የሚጠጉ ሕፃናት ታብሌት ተሰጠ። እዚህም መምህር አልነበረም፤ ፀሐይም ኃይል ትሞላ ነበር። ልዩነቱ ግን ትምህርቱ በስዋሂሊ መዘጋጀቱ ነው። መሣሪያው የሚሞላበትንም ጣቢያ የሚጠብቁ የመንደር እናቶች ነበሩ። ከሙከራው በፊት ከአሥሩ ልጆች ዘጠኙ በስዋሂሊ አንዲት ቃል ማንበብ አይችሉም ነበር፤ በ15 ወር ውስጥ ይህ ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። ሽልማቱን ኪትኪት ስኩልና ዋንቢልየን የተባሉት ሁለት ቡድኖች ተካፈሉት። ከወለንጪቲው ጋር ሲነጻጸር ታብሌቱ እምብዛም አልተለወጠም። የተለወጠው በውስጡ ያለው ድምፅ ነው።

በአገራችን በ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ «ዜሮ ክፍል» በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። አፋር በዚህ ደረጃ ከሚማሩ ሕፃናት ቁጥር አንጻር ከአገሪቱ ዝቅተኛ ከሆኑት ክልሎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። የክፍሉ ስም ራሱ አይጥመኝም። ወደ አንደኛ ክፍል የሚያደርሰውን ዓመት ዜሮ ብሎ የሰየመ ሰው ልጁ ከቤቱ ይዞ የመጣውን ዳጉ፣ ተረት፣ እንቆቅልሽና የመንጋ ዕውቀት ከቁጥር አላስገባም። ከዚያ ይልቅ ልጁ ግልገሎቹን በመልክ ለይቶ የሚጠራባቸው ቃላት ቢጻፉለት፣ የመጀመሪያው መጽሐፉ እዚያው ተገኘ ማለት ነበር።

ዛሬ ታብሌት በሣጥን ታሽጎ እስኪመጣ የሚጠብቅ የለም። ሞባይሉ በሾፌሩ ኪስ፣ በሻይ ቤቷ ባለቤት መደብ ላይ፣ በታላቅ ወንድም እጅ አለ። የዲቾቶ ሕፃን ማታ ማታ በዚያ ትንሽ መስተዋት ላይ የሚያየው ካርቱን ግን አብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ በዓረብኛ ወይም በአማርኛ የሚናገር ነው። በአፋርኛ የሚናገር፣ ስለ ግመልና ስለ ጨው፣ ስለ አዋሽ ውኃና ስለ አሪ አሠራር የሚያጫውት ነገር ማዘጋጀት የሚችሉ ሰዎች በሰመራና በአዋሽ አሉ። መምህራኑ ቋንቋውን ያውቃሉ፤ የባህል ቡድኖቹ ዜማውን ያውቃሉ፤ አያቶቹ ተረቱን ያውቃሉ። ሥራው በአንድ ሳሎንና በጥቂት ካልሲዎች ሊጀመር እንደሚችል ደግሞ ታይቷል።

ያ «ላየን» ብሎ የጻፈው ልጅ በቤቱ አንበሳን የሚጠራው ሌንጫ ብሎ ነበር፤ ሁለቱም መንደሮች ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸውና። የተሰጠው መሣሪያ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ የተሞላ ነበር። በአፋርኛ አንበሳ ሉባክ ይባላል። በላቲን ፊደል አምስት ሆሄ ነው፤ አምስቱንም የዲቾቶ ልጆች በክፍላቸው ይማሯቸዋል።